በወገብ የታሰረው ፓስፖርት

ሌላው ሰው የእንግሊዝ ፓስፖርት ሲደርሰው ይጨፍራል፤ ፔላዢ ግን ፖስታውን ቀድዳ ያንን ጥቁር ሰማያዊ ደብተር ያየች ዕለት ብርክ ያዛት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሊድስ ከተማ ውስጥ የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች፣ ፎርም እየሞላች፣ አሻራ እየሰጠች የጠበቀችው ነገር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኤሎዲ ፎቶውን አይታ «እማዬ፣ ሌባ ብለው የያዙሽ ትመስያለሽ» ብላ ሳቀችባት። እውነቷን ነበር። ፓስፖርቱ ከመጣ የመቅሪያ ሰበብ የለም፤ ካሜሩን መሄድ ሊኖርባት ነው። ካሜሩን ከሄደች ደግሞ ሊያስቀሯት የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ታውቃለች።

እናቷ የሞተችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻዋ ገና መልስ ስላላገኘ፣ ከአገር ከወጣች ማመልከቻውን እንደተወችው ይቆጠርባት ነበር። ስለዚህ እናቷን በስልክ ቀበረች፤ ያውም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። አፈሩ ሲመለስ ምስሉ ቆመ፤ እንደገና ሲታይ ሰዎቹ ምግብ እየበሉ ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራው አታውቅም።

በእነ ፔላዢ ብሔረሰብ፣ በባሚሌኬዎች ዘንድ ግን ቀብር የነገሩ መጀመሪያ ነው። ትልቁ ተዝካር ከዓመታት በኋላ፣ በበጋ ይደገሳል፤ ወራሹም የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። «ወራሽ ተያዘ» ይባላል እንጂ «ተሾመ» አይባልም፤ አባባሉ በቂ ነው። ሟች በሕይወት ሳለች ለሽማግሌዎች በጆሯቸው የተናገረችው ስም አለ። ባለ ስሙ ራሱ አያውቅም። ከበሮው እየተመታ ሽማግሌዎቹ እንደዋዛ በሕዝቡ መሃል ይዞራሉ፤ ድንገት አንዱን ክንዱን አፈፍ ያደርጉታል። የተያዘ ሰው ያለቅሳል፣ ይፈራገጣል፤ ሮጦ ለማምለጥ ቢሞክርም ማንም አይታዘበውም፤ ግን አይለቁትም። ዘጠኝ ሳምንት ከውስጥ ቤት አይወጣም። ከዚያ ወዲያ የሟች ወንበር፣ የሟች ስም፣ የሟች ጣጣ ሁሉ የሱ ነው። በግቢው ለሚጠበቀው የአያቶቹ ራስ ቅል ጨውና ዘይት የሚያቀርበው እሱ ስለሆነ ከግቢው ርቆ አይኖርም። የእናት ወንበር ደግሞ የሴት ልጅ ነው፤ የፔላዢ እናት የወለደቻቸው ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው፣ ፔላዢና ታናሿ ኤርሚን።

«ዘንድሮም የማትመጪ ከሆነ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አለቻት ኤርሚን በስልክ። «እናቷን በነጭ የለወጠች ነው የሚልሽ።»

«ኤርሚን፣ ቢይዙኝስ?»

«አንቺን? ጎደሬ መላጥ የረሳሽውን ሴትዮ?» ኤርሚን ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ደረቀ። «ሰባት ዓመት ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ። አንቺን ማን ያስታውስሻል? ደግሞም የሚይዙት ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ግቢ፣ ዓርብ ጠዋት ለእማማ ጨፍሪላት፣ ከሰዓት መኪና ላይ ነሽ። ቅዳሜ ይፈልጉሻ!»

ፔላዢ ነገሩን አገላብጣ ብታየው ያዋጣ መሰላት። ኤሎዲን የምትጠብቅላት ጓደኛዋ ቤርናዴት ነበረች፤ የዱዋላ ልጅ፣ አፈኛ፣ ደግ። «አሥር ቀን» አለች ቤርናዴት ጣቷን ቀስራ። «በአሥራ አንደኛው ቀን ለንደን ነው ያለሁት፣ አዲሱን ሥራ እጀምራለሁ። ያን ቀን ልጅሽን የሚጠብቃት በር ብቻ ነው። እዚህ አገር ብቻዋን ያደረች ልጅ ወሬዋ ለመንግሥት ከደረሰ ደግሞ ምን እንደሚሆን አልነግርሽም።»

መንገር አላስፈለጋትም። ፔላዢ ያንን አስባ ነው ሌሊቱን ጣሪያ ስታይ የምታነጋው።

ሌላው ፍርሃቷ መሐላው ነበር። በጥቅምት፣ በከተማው አዳራሽ ውስጥ፣ ከአርባ ከማያንሱ ሰዎች ጋር ቆማ የዜግነቱን ቃል ስትገባ የንጉሡ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቁልቁል ያያት ነበር። አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። የፔላዢ ፀጉር ግን ቆሞ ነበር። ለንጉሡ፣ ለወራሾቹና ለተተኪዎቹ ታማኝ እንደምትሆን በእግዚአብሔር ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማለች።

«እኔ በበኩሌ አፌን ብቻ ነበር ያንቀሳቀስኩት» አለቻት ያኔ ቤርናዴት፣ ኬኳን እያላመጠች። «አንቺ የምርሽን ስትምዪ ሳይ አዘንኩልሽ።»

«እኛ ዘንድ በመሐላ አይቀለድም።»

«እናንተ የተራራ ሰዎች ሁሉን ነገር ታከብዱታላችሁ። ወረቀት እኮ ነው የኔ እናት! ነይ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።»

የካሜሩን ሕግ ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት ወዶ የያዘን ሰው ከእንግዲህ ልጄ አይለውም። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ እሷም የድሮውን ፓስፖርቷን ለመግቢያ በቦርሳዋ ያዘች። አዲሱን በጨርቅ ከረጢት ሰፍታ፣ ከሰፊው ቀሚሷ ስር ወገቧ ላይ አሰረችው። የመጀመሪያ ጉዞው ነው፤ አንድም ማኅተም ያላረፈበት ንጹሕ ደብተር። አውሮፕላኑ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ እንደ ሕመም ስትዳብሰው ነው የደረሰችው።

ዱዋላ ላይ የመግቢያው ፖሊስ ወፍራም፣ ዓይኑ የደከመ ሰውዬ ነበር። የድሮውን ፓስፖርት አገላበጠው።

«ከእንግሊዝ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ አለቃ።»

«የመኖሪያ ካርድሽስ?»

ካርዱ ዜጋ ስትሆን ዋጋ ማጣቱን እንዴት ትናገር? «ቤት ረስቼው መጣሁ።»

«ረሳሽው።» ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። «ያለ ካርድ በምን ልትመለሺ ነው? በዋና?» ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የት ነው የሰፋሽው? ወገብሽ ላይ ነው ወይስ ጡት መያዣሽ ውስጥ?»

እጇ በራሱ ወደ ወገቧ ሊሄድ ሲል ያዘችው። «ለእናቴ ተዝካር ነው የመጣሁት» አለች፤ ሌላ የሚባል ነገር አልመጣላትም።

ፖሊሱ ፓስፖርቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ማኅተሙን አሳረፈበት። «እግዜር ነፍሷን ይማር» አለ። «ስትወጪ ግን እኔ ላልኖር እችላለሁ።»

እስከ ባፉሳም ድረስ በአውቶቡስ የሄደችው ያቺን የመጨረሻ ቃል እያኘከች ነው። ከባፉሳም በሞተር፣ በቀይ አቧራ ውስጥ፣ የእናቷ ግቢ ስትደርስ ሐሙስ እኩለ ቀን ሆኗል። ወንዶች ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶች ድስት ያስተካክላሉ። ከበሮዎቹ ገና ጥግ ላይ ተደፍተው ነበር። የእናቷ መቃብር እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከመኝታዋ አጠገብ ነው። ተንበርክካ መሬቱን ስትነካው ሦስት ዓመት የታፈነው ልቅሶ ወጣ፤ ቀብሩ ላይ ስላልነበረች፣ ወረቀት ከእናቷ ስለበለጠባት፣ አሁንም ቢሆን ለማምለጥ ቀን እየቆጠረች ስለመጣች አለቀሰች።

«በቃሽ፣ በቃሽ» አለች ኤርሚን፣ ጎደሬውን በቢጫ መረቅ እያቀረበች። ከስታለች፤ እጆቿ የእናታቸውን እጅ ይመስላሉ። «ብዪ። ነገ ለመጨፈር ጉልበት ያስፈልግሻል።»

ፔላዢ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳትውጥ አራት ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ገቡ። የፊተኛው ታ ፎሲ ነበር፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም። «ታ» አባት ማለት ነው፤ እሱን ግን ታ ሳይል የሚጠራው ሰው በሕይወት የለም።

«ልጄ! ወፈርሽ እኮ!» አለ በደስታ። «እንግሊዞች ምን እያበሉሽ ነው?»

ፈገግ ብላ ተነሣችና ሁለት እጇን ዘረጋችለት። ታ ፎሲ ቀኝ እጇን ያዘ፤ ሰላምታውም አለቀ። እጇን ግን አልለቀቀውም። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩን ሞሉት።

ፔላዢ ክው አለች። «ታ… ቅዳሜ አይደለም እንዴ?»

«ቅዳሜ ለእግረኛ ነው» አላት። «አውሮፕላን ላላቸው ሐሙስ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ፔላዢ ላይ ደረሰም፣ ሊያወርሳትም ነው። እንደ ሕፃን ጮኸች። ልጄ ብቻዋን ልትቀር ነው እያለች ተፈራገጠች፣ ጥርሷ የሽማግሌውን እጅጌ ያዘ። ደጅ ያሉት ሴቶች ጩኸቱን ሲሰሙ ምን እንደሆነ ገባቸውና እልልታቸውን ለቀቁት። ያ እልልታ ነው መፈራገጧን ያስቆማት። በዚህ አገር ዛሬ የእሷ ለቅሶ የደስታ ምልክት መሆኑን ተረዳች፤ ስለዚህ የሚደርስላት የለም።

ሁለት አሮጊቶች ወደ ውስጥ ቤት ወስደው ልብሷን ማውለቅ ጀመሩ። ወራሽ የሚቀባው፣ በፓልም ዘይት የተለወሰው ቀይ የእንጨት ዱቄት በቅል ቀርቧል። አንዷ ግራ ክንዷን እየቀባች፣ ሌላዋ ቀሚሷን ስታነሣ እጇ ከረጢቱ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው? ክታብ ነው?»

«ተዪው! እሱን አትንኪው!» ፔላዢ በሁለት እጇ ሸፈነችው። አሮጊቶቹ እየተያዩ ወደ ኋላ ሸሹ፤ ሰው እንዲህ የሚሳሳለት ክታብ አይነካም። ታ ፎሲን ጠሩት። ቀሚሷን እስክታስተካክል ፊቱን አዙሮ ጠበቀ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋ። አጎት እጁን ዘርግቶ እምቢ አይባልም፤ ሰጠችው። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ደብተሩን ገለጠ።

«ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ ታ።»

«ዱዋላ ላይ በዚህ ነው የገባሽው?»

«አይደለም። በኛው።»

«ስለዚህ ሁለት አለሽ።» የተቀሩት ሽማግሌዎችም ገብተው ነበር። «ለምንድን ነው ይሄንን የሰጡሽ? ዝም ብለው ነው?»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ፔላዢ በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆና አንዲት ቀዳዳ ታየቻት፤ የምታልፈውን ነገር ሳታይ ተሽሎክልካ ገባችበት።

«ምዬ ነው» አለች።

«ለማን?»

«ለንጉሣቸው። ለእሱ፣ ለወራሾቹና ለተተኪዎቹ በሙሉ።»

«ለወራሾቹም?» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ሊቀመጥበት ካለው ወንበር ቀና እያለ።

«ወራሾቹም ይባላል።»

«መሬት ነክተሽ ነው የማልሽው?»

«በእግዚአብሔር ስም። ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማ።»

«ንጉሡ ነበረ?»

«ፎቶው ነበረ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ «ፎቶ!» ብሎ ሊስቅ ሲል ታ ፎሲ በዓይኑ ከለከለው። «አባቶቻችንስ ቢሆኑ ዛሬ ከራስ ቅል ሌላ ምን አላቸው? መሐላ መሐላ ነው። ወራሽ በዘጠነኛው ሳምንት የመንደራችን ንጉሥ ፊት ቀርባ ቃል ትገባለች። አንድ አፍ ለሁለት ንጉሥ እንዴት ይምላል?» ቀይ የተቀባውን ክንዷን አየና መነጽሩን አወለቀ። «እንመካከራለን።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፔላዢ ግድግዳ ተደግፋ ቁጢጥ አለች። ቤርናዴት ወረቀት የምትለውን መሐላ እንደ ጋሻ አንሥታ እናቷን ልትመክትበት ነው። ይሁን፤ እናቷም እናት ናትና ይገባታል፤ ፔላዢም ልጅ አላት።

ኤርሚን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉን ሰምታለች።

«ሌላው ስሙ እንዲጠራ ይመኛል» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ሽንቷን ስጠርግላት፣ ስትቆጣኝ ስችላት፣ ሰባት ዓመት… የኔን ስም አልጠራችም። አንቺን ጠራች። አንቺ ደግሞ ተመልሰሽ አልፈልግም ትያለሽ።»

«አንቺን ያስቀምጡሽ! እለምናቸዋለሁ ኤርሚን፣ ይገባሻል።»

«መካን ናት ብላኝ ነው» አለች ኤርሚን። «ዘር የሌለው ወንበር ላይ አይወጣም።»

ወዲያው ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ታ ፎሲ ከፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ፊቱ አልተቆጣም፤ እንዲያውም አዝኗል።

«እናትሽ ያለችንን ልንገርሽ» አለ። «‘ፔላዢ ናት፤ እሷን የሚከለክላት ነገር ከመጣ፣ ከፔላዢ የተወለደችው’ ነው ያለችው። አራታችንም ሰምተናል። አንቺን መሐላ ከልክሎሻል። እንግዲህ ልጅሽን እንጠይቅሻለን። እሷስ ምላለች?»

የፔላዢ ቆሌ ተገፈፈ። «ኧረ ታ! ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው! ሕፃን ናት፣ ሕፃናትን አያስምሉም!»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። አሮጊቶቹ እንኳ ቅሉን መማሰል አቆሙ።

«አልማለችም» አለ ታ ፎሲ፣ ለሽማግሌዎቹ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታ፣ እኔን አስቀምጡኝ!» ተንበርክካ እግሩን ያዘች፤ ቀዩ ቅባት ሱሪውን አበላሸው። «መሐላውን ትቼዋለሁ። ደብተሩን ስጡኝና አሁን እቀደዋለሁ፣ እሳት ውስጥ እከተዋለሁ። እኔ ልቀመጥ። ዘጠኝ ሳምንትም ዘጠኝ ዓመትም እቀመጣለሁ። እሷን ግን ተዉልኝ። እዚህ ማንንም አታውቅም፣ ቋንቋውን እንኳ አትሰማም!»

«መሐላ እንደ ቀሚስ አይወለቅም፣ ልጄ።» ሽማግሌው እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። «አንቺም እንዳልሽው በእግዚአብሔር ስም ነው የማልሽው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ በበጋው ታመጫታለሽ። እስከዚያ ኤርሚን ምድጃውን ትጠብቃለች። ስሟ ማን ነው?»

ፔላዢ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። እስክትሞት ድረስ ዝም ልትል ትችላለች፤ ስሙን ካላገኙ ልጅቷን የማያገኙ መሰላት።

«ኤሎዲ» አለች ኤርሚን ከበሩ ላይ።

ፔላዢ ዞራ አየቻት። ኤርሚን ዓይኗን አልሰበረችም።

«ካላመጣኋትስ?» አለች ፔላዢ ወደ ሽማግሌው ተመልሳ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ማንም ከዚህ ተነሥቶ አይመጣባችሁም» አለ ታ ፎሲ፣ ያለ ቁጣ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። «እንዳልመጣች ግን ጨውና ዘይት የተጠሙት አያቶች ያውቃሉ። ልጅቷ ትታመማለች። ሐኪሞቹ ምንም አላገኘንባትም ይሉሻል። ያኔ ራስሽ ይዘሻት ትመጫለሽ።»

ከዚያ ፓስፖርቱን በሁለት እጁ አቀረበላት፤ ለእንግዳ የሚሰጠው እንዲያ ነው። አሮጊቶቹ ክንዷን በሙቅ ውሃ አጠቡላት፤ ወንበር ሰጧት፤ የዘንባባ ወይኑንም በቅል ሳይሆን በብርጭቆ አመጡላት። እዚያ ቤት ውስጥ በብርጭቆ ስትጠጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከበሮው ተመታ። ጨፈረች፤ እግሯ ሲረግጥ ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ከሰዓት ኤርሚን ሻንጣዋን ተሸክማ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘቻት። የዱዋላው ፖሊስ፣ ስትወጪ ላልኖር እችላለሁ ያላት፣ ትዝም አላላት። እሱን የፈራችው ሌላ ሴት ሆና ነው። አሁን የምታስበው ባለፈው ወር ኤሎዲን ሦስት ቀን ያስተኛትን ትኩሳት ነው፤ ሐኪሙ አይቷት ምንም የለባትም ያለውን። ተራ ጉንፋን ነበር። ጉንፋን መሆኑን ስንት ጊዜ ለራሷ ነገረችው።

ሞተሩ መጣ። ኤርሚን ሻንጣውን ከኋላ አሰረችላትና ገመዱን ሁለቴ ጎትታ አጠበቀችው።

«ስትመጣ ከኔ ጋ ነው የምትተኛው» አለች። «እንደ ልጄ ነው የማያት። አትፍሪ።» ደግሞም፣ «ጎደሬ ትበላለች?» አለቻት።

ፔላዢ ልትዋሽ ፈለገች፤ ውሸቱ ለምን እንደሚጠቅማት ግን አላወቀችም። «አትወድም» አለች።

ኤርሚን የእህቷን የቀሚስ ጫፍ ከሞተሩ ጎማ አራቀችላት።

«ትለምደዋለች» አለች።